ዲስኩ የት ይሰካ? ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ኔትወርክ፣ ከዳባት እስከ አምባራስ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነቀለው ራውተሩ ነው። «መብራት ከመቁጠር በቀር ምን ይሠራል?» ይባልና ገመዱ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ከዚያም በፊት በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 አገር አቀፉ መቋረጥ ሲመጣ፣ የብዙው ሰው ግንዛቤ ይኸው ነበር፤ ኢንተርኔት ከሌለ ዋይፋይም የለም።

ራውተር ግን ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ወደ ቤት ማስገባት ነው። ሌላው ቤት ውስጥ ያሉትን ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ እርስ በርስ ማገናኘት ነው። የመጀመሪያው ቢቆም ሁለተኛው አይቆምም። ሳሎን ውስጥ ማጫወቻው ላይ የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ፣ በውስጡ ያለውን ፊልም፣ መዝሙር፣ የሰርግ ቪዲዮ ወይም የልጅ ትምህርት ጓዳ ተቀምጦ በስልክ ለማየት የአንድ ሜጋባይት ጥቅል እንኳ መግዛት አያስፈልግም። ነገሩ ይቻላል፤ ብዙ ቦታ ግን ጀምሮ መሐል ላይ ይቀራል። የሚቀርበት ምክንያት አንዳንዱ ሩቅ አገር በተወሰነ ውሳኔ፣ አንዳንዱ በመብራት ኃይል፣ አንዳንዱ ደግሞ፣ የሰሜን ተራራ ሰው ብቻ የሚያውቀው፣ በከፍታ ነው።

ተሸክሞ የማድረስ ልማድ

ልማዱ የቆየ ነው። ካሴት ቤት የነበረው ሱቅ ሲዲ ቤት ሆነ፤ ሲዲ ቤቱ ቪሲዲ ማከራየት ጀመረ፤ ከዚያ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጦ ፍላሽና ሚሞሪ መሙላት ያዘ። ደባርቅም ሆነ ዳባት የገበያ ቀን ከገጠር የወጣ ወጣት ስልኩን ለጫኙ ሰጥቶ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ ዘፈኑና ቀልዱ ተጭኖ ይጠብቀዋል። ስልክ ለስልክ ሲሆን ደግሞ ዜንደርና ሼርኢት አሉ። ልብ የማይባለው፣ እነዚህ ሁለቱ የሚሠሩት አንዱ ስልክ የራሱን ዋይፋይ ከፍቶ ሌላው በዚያ በመግባት መሆኑ ነው። ኢንተርኔት መሐል ላይ የለም። እንግዲህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኔትወርክ ሰዉ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲዞር ኖሯል፤ ቤቱ ውስጥ አልተከለውም እንጂ።

ተሸክሞ ማድረስ የእኛ ብቻ መላ አይደለም። ኩባ ውስጥ «ኤል ፓኬቴ» የሚባለው የሳምንት ጥቅል አንድ ቴራባይት ያህል ፊልም፣ ድራማና ሶፍትዌር በሃርድ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ አገሩን ያዳርሳል። እኛም ዘንድ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት እ.አ.አ. በ2012 ይፋ ያደረገው ሙከራ ነበር። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ተሰጡ። በመንደሮቹ ኢንተርኔት ስላልነበረ በሳምንት አንድ ጊዜ ባለሙያ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር፤ ልጆቹ ምን እንደነኩ፣ ምን እንደከፈቱ የሚታወቀው ካርዱ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ሲነበብ ነበር። የሙከራው ውጤት ያኔ ብዙ አነጋግሯል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ያ በእግር የሚሄድ ካርድ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ፕላዝማን። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ትምህርቱ በሳተላይት ተሠራጭቶ በየክፍሉ በተሰቀለ ስክሪን መታየት ሲጀምር መምህሩ የማቆምም የመመለስም ሥልጣን አልነበረውም። ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ያልፋል። መብራት ከሄደ የዕለቱ ክፍለ ጊዜ አብሮ ሄደ። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ዲስክና አንድ ርካሽ ኮምፒውተር ተቀምጦ ትምህርቱ ከዚያ ቢሠራጭ ኖሮ መምህሩ «እስኪ ወደ ኋላ እንመልሰው» ማለት በቻለ ነበር። ከቤት ኔትወርክ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ያቆሙት ይቆማል፣ የመለሱት ይመለሳል፣ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ ያያል።

ዲስኩን ማን ይያዘው?

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «እንዴት ላገናኘው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ዲስኩ የትኛው ዕቃ ላይ ይሰካ የሚለው ነው። ጥሩ የሚያጫውት ዕቃ ሁሉ ጥሩ ባለአደራ አይደለም።

በብዙ ቤት ዲስኩ የሚሰካው ሪሲቨር ላይ ነው። ሪሲቨር ከዲሽ ቻናል ይቀዳል፣ ፍላሽ ያጫውታል፣ አንዳንዱም በጎኑ በምትሰካ ትንሽ አንቴና ዋይፋይ ይይዛል። ዋይፋይ የሚይዘው ግን ለመቀበል እንጂ ለመስጠት አይደለም፤ የተሰካበትን ዲስክ ለቤቱ የሚከፍት ሪሲቨር ማግኘት ይቸግራል። በዚያ ላይ አንዳንዱ የቀዳውን ለራሱ ብቻ በሚገባው መልክ ቆልፎ ስለሚያስቀምጠው ያው ፋይል ላፕቶፕ ላይ አይከፈትም። ስማርት ቲቪም ያው ነው፤ ከሌላ ቦታ የተሠራጨውን አሳምሮ ያያል፣ የራሱን ፍላሽ ግን ለማንም አያካፍልም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚያመጣቸው ማጫወቻዎች ይሻላሉ። ዌስተርን ዲጂታል እ.አ.አ. በ2010 ያወጣው ደብሊውዲ ቲቪ ላይቭ ሃብ አንድ ቴራባይት ዲስክ ውስጡ ይዞ ለቤቱ ኔትወርክ ይከፍት ነበር። ፖፕኮርን አወር የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። ዕቃዎቹ ጠንካሮች ናቸው፤ እስከ ዛሬ የሚሠራ ብዙ አለ። ችግራቸው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ። የአሁኑ ዘመን የአንድሮይድ ቦክስ ደግሞ እንደ ሠሪው ይለያያል። ኮዲ የተባለውን የማጫወቻ መተግበሪያ መጫን ብቻውን ዲስኩን እንደ ፎልደር አይከፍተውም፤ በአንፃሩ ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ቦርድ ላይ ሊብሬኤሌክ የተባለው ነፃ ሥርዓት ከተጫነ የተሰካው ዲስክ ኔትወርኩ ላይ ወዲያው ይታያል።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አማራጭ ራውተሩ ራሱ ነው። ከጀርባው የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ራውተር ብዙ ነው፤ በተለይ ከፋይበር መስመር ጋር የሚመጣው። ዲስኩን እዚያ ሰክቶ፣ በማስተካከያ ገጹ ገብቶ ማካፈሉን ማብራት ነው። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው፤ ለአንድ ፊልም ግን ይበቃል። በጥሩ ጥራት የተቀዳ ፊልም በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ያህል ቢፈልግ ነው፤ ተራው የኔትወርክ ገመድ 11 ሜጋባይት ያሳልፋል። ዋይፋዩ በድንጋይ ግድግዳ ሲያልፍ ቢደክምም ሁለት ሦስት ሜጋባይት አያጣም። ጉዳዩ ፊልም ማየት ሳይሆን ፊልም ማዛወር ሲሆን ነው መንቀርፈፉ የሚታወቀው፤ ያኔ ዲስኩን ነቅሎ ወደ ላፕቶፕ መውሰድ ይቀላል።

አሮጌ ላፕቶፕም አለ። ባትሪው ካልሞተ መብራት ሲሄድ ዲስኩን ሳያስደነግጥ ያቆያል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ሲያድር ከ20 እስከ 40 ዋት ይበላል፤ ራውተር ወይም ትንሽ ቦርድ ከ10 ዋት ባነሰ የሚሠራውን ሥራ። ለቤት የምመርጠው ራውተሩን ነው፤ ሁልጊዜ የሚበራው፣ ማንም ቻናል ለመቀየር ሲል የማያጠፋው ዕቃ እሱ ነውና። ማጫወቻውን ለማጫወት ብቻ መተው ይሻላል።

ዊንዶውስ ለምን አያየውም?

ከውጭ የመጣው ማጫወቻ ዲስኩን ለቤቱ ከፍቷል፣ ቴሌቪዥኑ ያየዋል፣ አሮጌው ኮምፒውተር ያየዋል፣ አዲሱ ላፕቶፕ ግን አያየውም። «ላፕቶፑ ተበላሽቷል» ይባላል። አልተበላሸም።

ፋይል በኔትወርክ የሚካፈልበት ዋናው ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ እ.አ.አ. በ1983 አይቢኤም ውስጥ ባሪ ፋይገንባም የጀመረው ነው፣ ኋላ ማይክሮሶፍት ወርሶ አሳደገው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ደግሞ እ.አ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያንኑ ቋንቋ ሌሎች ማሽኖች እንዲናገሩት ሳምባ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ሠራ፤ ዛሬ በማጫወቻውም በራውተሩም ሆድ ውስጥ ያለው እሱ ነው። እ.አ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በመጀመሪያው የኤስኤምቢ ዝርያ ቀዳዳ ሾልኮ በመላው ዓለም ሆስፒታልና ፋብሪካ ሲያቆም፣ ማይክሮሶፍት ያንን ዝርያ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ በሚጫን ዊንዶውስ 10 ላይ ዘጋው። እ.አ.አ. በ2010 ተሠርቶ ማሻሻያ የማይመጣለት ማጫወቻ የሚያውቀው ግን ያንን የተዘጋውን ብቻ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው መግባባት አልቻሉም ማለት ነው።

መፍትሔ ተብሎ በየሱቁ የሚደረገው የተዘጋውን መልሶ መክፈት ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ አንዲት ምልክት ማድረግ ትበቃዋለች። አልመክርም። «ቤቴ ኢንተርኔት የለኝም፣ ማን ይገባብኛል?» የሚል ሙግት አለ፤ ግማሽ እውነት አለው። ግን ያ ላፕቶፕ ነገ ጎንደር ሄዶ ሆቴል ዋይፋይ ላይ ይገባል፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይከፈታል። የሚሻለው ዲስኩን ከማጫወቻው ነቅሎ አዲሱን ዝርያ የሚያውቅ ራውተር ወይም ቦርድ ላይ መሰካት ነው፤ ራውተሩም አሮጌ ከሆነ ያው ችግር ይከተለዋልና አስቀድሞ መሞከር ነው። ማጫወቻው ራሱ ኤፍቲፒ የሚባለውን መንገድ የሚከፍት ከሆነም በዚያ መሄድ ይቻላል፤ ኤፍቲፒ ዕድሜው ከሁሉም ይበልጣል፣ ቤት ውስጥ ግን ያገለግላል።

ሌላው የተለመደ መሰናክል የይለፍ ቃል ነው። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ስምና ይለፍ ቃል ሳይጠየቁ በእንግድነት ወደ ተካፈለ ፎልደር መግባትን እየከለከሉ መጥተዋል። ስለዚህ ባለ ዲስኩ ዕቃ ላይ አንድ ስምና አንድ ይለፍ ቃል መፍጠር ግድ ነው። የዕቃው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሳይታይ ሲቀር ደግሞ ተስፋ አይቆረጥም፤ በፋይል መክፈቻው የአድራሻ ቦታ ላይ \\192.168.1.5 ብሎ፣ ማለትም የዕቃውን ቁጥር በቀጥታ ጽፎ መግባት ነው። ቁጥሩ ራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ላይ ይገኛል፤ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር እንዳይቀያየር እዚያው ቋሚ ማድረግ ይቻላል። ይህን ያላደረገ ሰው «ትናንት ይሠራ ነበር» ማለቱ አይቀርም።

ዲኤልኤንኤ የሚባል ሁለተኛ መንገድም አለ፤ ቴሌቪዥኖች የሚወዱት እሱን ነው። እ.አ.አ. በ2003 በሶኒ አነሳሽነት የተቋቋመው ማኅበር ራሱ በ2017 ፈርሷል፤ ቋንቋው ግን በየቴሌቪዥኑ ውስጥ አለ። ለማየት ብቻ ነው የሚሆነው፤ ፋይል መጨመር፣ ማጥፋት፣ ስም መቀየር የለም። ሕፃናት ላሉበት ቤት ይህ ጉድለት ሳይሆን በረከት ነው።

አማርኛ የፋይል ስም የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይገጥመዋል። በአሮጌ ማጫወቻ ላይ «የእማማ ተዝካር» የሚለው ፎልደር ባዶ አራት ማዕዘኖች ሆኖ ይታያል፣ ወይም የጥያቄ ምልክቶች ይሆናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አራት ማዕዘን ከሆነ ዕቃው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ብቻ ነው፤ ስሙ ዲስኩ ላይ ደህና ነው፣ ላፕቶፕ ላይ በትክክል ይነበባል። ፊደላችን እ.አ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ስላለ ስሙን ማስቀመጥ ችግር የለውም። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን መንገድ ላይ ስሙ እየተለወጠ ነው፤ በዚያ መንገድ ፋይል ከገለበጡ ስሙ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። ሰዉ መዝሙሩን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚሰይመው ከዚህ ሽሽት ነው። እኔ ግን ዕቃውን መቀየር እንጂ የልጅን ስም በባዕድ ፊደል መጻፍ አይዋጥልኝም።

ቫይረሱም አለ። ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮች ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚመጣበትን፣ ሰዉ ሾርትከት ቫይረስ የሚለውን የማያውቅ የለም። ማጫወቻውና ራውተሩ የሊነክስ ቤተሰብ ስለሆኑ ቫይረሱ በእነሱ ላይ አይነሳም። ነገር ግን በቫይረስ የተያዘ ላፕቶፕ በኔትወርኩ ገብቶ ዲስኩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ካገኘ ሊበክለው፣ ከከፋም ፋይሉን ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ፎልደሩ ለሁሉም ለማንበብ ብቻ ይከፈት። የሚጽፍ አንድ ሰው ይኑር፣ በራሱ ይለፍ ቃል። ከዚህ ዳሰሳ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ካለ ይህን ይውሰድ፤ ወጪ የለውም።

መብራት፣ ብርድና 3048 ሜትር

ኪስ የሚገባው ኤክስተርናል ዲስክ ለመነሳት እስከ አንድ አምፒር ሊፈልግ ይችላል። የቆየው ዩኤስቢ ቀዳዳ በሕጉ የሚሰጠው ግማሹን ነው። ሪሲቨር ላይ ሲሰካ «ቲክ፣ ቲክ» እያለ ደጋግሞ የሚጀምረውና የማይታየው ዲስክ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም፣ ተርቦ ነው። ሁለት ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ባለ ሹካ ኬብል፣ ወይም የራሱ ቻርጀር ያለው ማብዣ ያስነሳዋል። በዚያ ሁኔታ ለሳምንታት ማንቋቋት ግን በእርግጥ ያበላሸዋል።

የመብራት መሄድና መምጣት የዲስኩን የፋይል ዝርዝር ይጎዳል፤ በተለይ እየተጻፈበት ሳለ። እዚህ ላይ ፎርማቱ ልዩነት አለው። ፋት32 ሁሉም ዕቃ ያነበዋል፣ ነገር ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሰርግ ቪዲዮ «አልገለብጥም» የሚለው ለዚህ ነው። ኤክስፋት ይህ ገደብ የለበትም፣ ነገር ግን የጀመረውን መዝግቦ የማቆየት ልማድ ስለሌለው መብራት መሐል ላይ ሲሄድበት ይቸገራል። ኤንቲኤፍኤስ ይመዘግባል፤ ከመውደቅ ይነሳል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ለቤት ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል፤ ብዙ ስልክ በቀጥታ ሲሰካበት ባያነበውም በኔትወርክ ሲያየው ግድ የለውም፣ የሚያነብለት ራውተሩ ነውና። ራውተሩንና ዲስኩን በአንድነት የሚሸከም ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሁለቱ ዕቃዎች 12 ዋት ቢበሉ ሰባት ሰዓት ይመስላል፤ ባትሪው እንዳይሞት በግማሹ ማቆም ስለሚገባ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ይቁጠሩ። አንድ ምሽት ማለት ነው።

አሁን ወደ ከፍታው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚንሸራሸር ማንበቢያ ራስ አለ። ራሱ ሳህኑን አይነካውም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር የሚፈጠረው ቀጭን የአየር ንጣፍ በጥቂት ናኖሜትር አንሳፎ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ዲስኩ በፋብሪካ አየር የሚያስገባ ማጣሪያ ያለው ትንሽ ቀዳዳ የሚሠራለት። አየሩ ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል፣ ራሱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ስለዚህ ሲጌትም ሆነ ዌስተርን ዲጂታል ለተራ ዲስኮቻቸው የሥራ ከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ 3048 ሜትር ወይም 3050፣ ማለትም አሥር ሺህ ጫማ።

ይህ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ትርጉም የለውም። ሰሜን ላይ ግን ካርታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ደባርቅ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ገደቡ ውስጥ ናት፣ ትርፏ ግን ትንሽ ነው። ዳባት ከዚያ ዝቅ ስለምትል አያሳስባትም። ከደባርቅ ወጥተው ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲገቡ ሳንቃ በር ከ3200 ሜትር በላይ ነው፤ ጨነቅ 3620 ይደርሳል፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። አምባራስ በእነዚህ በሁለቱ መሐል፣ መንገዱ ዳር ናት። በፓርኩ ውስጥ ያደረ አስጎብኚ፣ የሎጅ ሠራተኛ ወይም የቱሪስት ካሜራ የያዘ ባለሙያ ዲስኩን እዚያ ሲከፍት ከሠሪው ቃል ውጭ እየተጠቀመበት ነው።

ይበላሻል ማለት አይደለም። ብዙው ዲስክ ይነሳል፣ ያነባል፣ ቀኑን ይውላል። የሚጨምረው አደጋው ነው፤ ጠረጴዛው ሲነካ፣ ዲስኩ ሲሞቅ፣ ራሱ ሳህኑን የመቧጨር ዕድል። ቺሊ ውስጥ 5000 ሜትር ላይ የተተከለው የአልማ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዋና ማቀነባበሪያ ኮምፒውተሮች ዲስክ አልባ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው። ብርዱም ይደመራል። እንደነዚህ ያሉ ዲስኮች ቢያንስ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋሉ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር የሰሜን ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከደጅ የገባ ዲስክ ምድጃ ወደሚነድበት ቤት ሲመጣ የእንፋሎት ጠብታ ያወጣልና ወዲያው አይሰካ፤ ጨርቅ ውስጥ እንዳለ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድና ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ የሚሽከረከር ነገር ስለሌላቸው የከፍታው ጉዳይ አይመለከታቸውም። በጊጋባይት ሲሰላ ዋጋቸው ይበልጣል። ከሳንቃ በር በላይ ግን ምርጫ ያለ አይመስለኝም፤ ሁለት ቴራባይት የሚሽከረከር ከመያዝ 128 ጊጋባይት የማይሽከረከር መያዝ። ለደባርቅ ቤት ደግሞ ዋናው ዲስክ የሚሽከረከር ቢሆን የማይተካው ነገር፣ የሞቱ ሰዎች ፎቶና የሰርግ ቅጂ፣ በሌላ ቤት ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው። ዲስኩን ለአሥር ስልክ ማካፈል አንድ ቅጂ ብቻ መኖሩን አይለውጠውም።

ግቢውና ሕጉ

የእኛ አገር «የቤት ኔትወርክ» ብዙ ጊዜ የግቢ ኔትወርክ ነው። አከራይ ዋይፋዩን ያስገባል፣ ሰርቪስ ቤት ያሉት ተከራዮች ያዋጣሉ፣ ይለፍ ቃሉን የግቢው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዲስኩ በዚያ ኔትወርክ ላይ ሲከፈት የመታወቂያ ኮፒ፣ የቤት ካርታ፣ የሐኪም ወረቀት ያለበት ፎልደርም አብሮ ይከፈታል። ዲስኩን ለሁለት መክፈልና የሚካፈለውን ክፍል ብቻ ማውጣት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ያልተሠራበት ግቢ ግን ይበዛል። አንዳንዱ ራውተር ለእንግዶች የሚሆን ሁለተኛ ዋይፋይ ይሰጣል፤ በዚያ የገባ ሰው ኢንተርኔቱን እንጂ ዲስኩን አያይም። ለተከራይ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም የታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ማባዛትን ለግለሰብ ይፈቅዳል። ገዝቶ ዲስኩ ላይ ያስቀመጠውን ፊልም ከሳሎን ወደ ጓዳ ማየት ከዚህ መንፈስ የሚወጣ አይመስለኝም። ዲስኩን ሱቅ ውስጥ ከፍቶ በክፍያ ማስጫን ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአማርኛ ፊልምና ዘፈን ሠሪዎች ሲያለቅሱበት የኖሩትም እሱ ነው።

አምባራስ ላለ ሰው፣ ራውተርም ዲስክም ላይኖረው ይችላልና፣ ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው። ደባርቅ ወርዶ ሚሞሪ ካርዱን ያስሞላል። ፋይል ማደራጃ መተግበሪያዎች አብዛኞቹ ኤፍቲፒ የመክፈት ምርጫ አላቸው፤ ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ያንን ሲያበራ መተግበሪያው ራሱ አድራሻውን ስክሪኑ ላይ ይጽፍለታል፣ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር። ሌሎቹ ዋይፋዩ ውስጥ ገብተው ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ላይ ያንን አድራሻ ይሞላሉ፣ ሳይገለብጡ ያያሉ። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሳይንገዳገድ ያስተናግዳል። ባትሪውን ስለሚበላ ሶላሩ ላይ ተሰክቶ ቢቆይ ይመረጣል። ስልክ ሲደወል እንዳያቋርጥም ሲም የሌለበት አሮጌ ስልክ ለዚህ ብቻ መመደብ ይሻላል፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ግድ የለም።